አዲስ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር እየደጋገመ ሲጠፋ ወይም ቀጥ ብሎ ሲቀር ጥፋቱ የት እንዳለ ማግኛ መንገድ

አዲስ ኮምፒውተር ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰማያዊ ስክሪን ማሳየት፣ ድርግም ብሎ መጥፋት ወይም ቀጥ ብሎ መቅረት ሲጀምር ብዙ ሰው ቀድሞ የሚሮጠው ዊንዶውስን እንደገና ለመጫን ነው። ይህ መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ፊት ማምጣት ነው። ጥፋቱ የራም (የኮምፒውተሩ የሥራ ሜሞሪ) ከሆነ አዲሱ ዊንዶውስም በዚያው በተበላሸ ራም በኩል አልፎ ነው ዲስኩ ላይ የሚጻፈው። ፋይሎቹ ከመነሻው ተዛብተው ይቀመጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሃርድዌሩን ችግር ከሶፍትዌሩ ለመለየት ሁለት እጥፍ ያደክማል። በአዲስ ማሽን ላይ በቅድሚያ መጠርጠር ያለባቸው የራም ፍጥነት ሴቲንግ፣ ራሙ ራሱ፣ በደንብ ያልገባ ኬብል፣ ፓወር ሰፕላይ (ለማሽኑ ኃይል የሚያድለው ሳጥን)፣ የኩለር (የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ) አገጣጠም፣ የቆየ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) እና የግራፊክስ ድራይቨር (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ናቸው።

ምርመራውን ከመጀመራችሁ በፊት ደረሰኙን አውጡና ዕቃው ያለ ብዙ ጥያቄ የሚመለስበት ቀን መቼ እንደሚያበቃ እዩ። ሻጩ ሳጥኑን መክፈት ዋስትናውን ያፈርሳል ብሎ ከሆነ ማሽኑን ሳትከፍቱ የሚሠሩትን ብቻ ሠርታችሁ ውጤቱን ይዛችሁ ሂዱ። ሁለተኛ፣ ዳታችሁን ወደ ሌላ ዲስክ ገልብጡ። ሦስተኛ፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ፤ ዊንዶውስ 11 በብዙ ማሽኖች ላይ ዲስኩን ራሱ ቆልፎ ያስቀምጣል። ባዮስ ስትነኩ ቢትሎከር የተባለው ይህ መቆለፊያ የሪከቨሪ ቁልፍ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ቁልፉ አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውሱን የከፈታችሁበት የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል። አሁኑኑ ፈልጋችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት።

አንድ ሕግ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ይጠበቅ፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ራሙን ነቅላችሁ፣ ድራይቨሩን ቀይራችሁ፣ ባዮሱንም በአንድ ላይ ብታድሱ ችግሩ ቢጠፋ እንኳ የትኛው እንዳዳነው አታውቁም። ከወር በኋላ ሲመለስ ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

አጠፋፉ ምን ይመስላል?

ኮምፒውተሩ የሚጠፋበት መንገድ ራሱ ግማሹን መልስ ይሰጣል። ሶኬቱ የተነቀለ ይመስል ድርግም ብሎ ከጠፋ፣ በተለይ ጨዋታ ወይም ከባድ ሥራ ላይ ሳለ ከሆነ፣ ፓወር ሰፕላይን፣ የኃይል ኬብልን ወይም ሙቀትን ጠርጥሩ። ስክሪኑ ጠቁሮ የግራፊክስ ካርዱ ፋን በሙሉ ኃይሉ መጮህ ከጀመረ ካርዱ ወይም ኃይል የሚያገኝበት ኬብል ነው። ምስሉ ደርቆ ድምፁ አንዲቱን ቅንጣት እየደጋገመ ከቀረ ራም፣ ፕሮሰሰር ወይም ግራፊክስ ሊሆን ይችላል። በየጊዜው የተለያየ ጽሑፍ ያለው ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ መጀመሪያ የሚታየው ራም ነው፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጽሑፍና አንድ ዓይነት የፋይል ስም ከመጣ ግን ወደ ድራይቨር ያዘነብላል። ምንም ሳይሠራ ቁጭ ብሎ ሳለ ብቻ የሚጠፋ ማሽን ለብቻው የሚታይ ስለሆነ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

ሰማያዊው ስክሪን ሳይነበብ እንዳያልፍ በዊንዶውስ መፈለጊያው «አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ» ብላችሁ ክፈቱ፤ «ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ» ከሚለው ስር ገብታችሁ «ኦቶማቲካሊ ሪስታርት» ላይ ያለውን ምልክት አንሱ። ከዚህ በኋላ ስክሪኑ ቆሞ ይጠብቃችኋል፤ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ቀጥሎ «ኢቨንት ቪውወር»ን ክፈቱና «ዊንዶውስ ሎግስ»፣ ከዚያ «ሲስተም» ግቡ። ማሽኑ የጠፋበትን ሰዓት ፈልጉ። «ከርነል ፓወር» ቁጥር 41 የሚል ቀይ መስመር በእርግጥ ታገኛላችሁ፤ ብዙዎች ይህን አይተው ፓወር ሰፕላይ ተበላሸ ብለው ይደመድማሉ። መስመሩ የሚለው ግን «ባለፈው ጊዜ በሥርዓት አልተዘጋሁም» ብቻ ነው። የተጻፈውም ማሽኑ እንደገና ሲነሳ ነው። ጠቃሚው ነገር «ዲቴይልስ» የሚለው ውስጥ ያለው የ«በግቼክ ኮድ» ቁጥር ነው። ዜሮ ከሆነ ዊንዶውስ አንዲት ቃል ለመጻፍ እንኳ ፋታ አላገኘም ማለት ነው፤ ኃይል፣ ሙቀት ወይም ፍጹም መድረቅ። ዜሮ ካልሆነ ሰማያዊ ስክሪን ነበረ ማለት ነው፤ ቁጥሩም ይናገራል። 26 የሜሞሪ አያያዝ ስህተት ነው። 10 ከራም ወይም ከድራይቨር ይመጣል። 278 የግራፊክስ ድራይቨሩ መልስ መስጠት ማቆሙን፣ 257 ከፕሮሰሰሩ ኮሮች (ሥራውን ከሚካፈሉት ክፍሎቹ) አንዱ መልስ አለመስጠቱን፣ 122 ከዲስክ መነበብ የነበረበት ዳታ አለመነበቡን ያመለክታል። 292 ደግሞ ሃርድዌሩ ራሱ የማይታረም ስህተት ማሳወቁን ነው የሚናገረው።

እዚያው ዝርዝር ውስጥ «ደብሊው ኤች ኢ ኤ ሎገር» የሚል ምንጭ ካገኛችሁ ትኩረት ስጡት። ቁጥር 18 ከባድ የሃርድዌር ስህተት ነው። በእያንዳንዱ 18 ውስጥ የፕሮሰሰሩ «ኤፒክ አይዲ»፣ ማለትም ኮሩን የሚለይ ቁጥር፣ ይጻፋል፤ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ከሆነ አንድ የተወሰነ ኮር ላይ ችግር አለ ማለት ስለሆነ ለዋስትና ክርክር ጠንካራ ማስረጃ ነው። 17 እና 19 ስህተቱ ታርሞ ያለፈ መሆኑን ይነግራሉ፤ በብዛት ከመጡ ግን እነሱም ችላ አይባሉም።

ራም፦ ከሁሉ በፊት የሚመረመረው

የራም ሳጥን ላይ የተጻፈው ፍጥነት፣ ለምሳሌ 6000፣ ማሽኑ በራሱ የሚጀምርበት ፍጥነት አይደለም። ዲዲአር4 የሚባለው የራም ዓይነት በመደበኛው ከ2133 እስከ 3200 ባለው ውስጥ በ1.2 ቮልት ይሠራል፤ ከእሱ ቀጥሎ የመጣው ዲዲአር5 ብዙ ጊዜ ከ4800 በ1.1 ቮልት ይነሳል። ከዚያ በላይ ለመውጣት ባዮስ ውስጥ ኤክስ ኤም ፒ ወይም፣ በኤኤምዲ ማሽኖች፣ ኤክስፖ የሚባለው ፕሮፋይል ይከፈታል። ይህ ቮልቴጁን ከፍ አድርጎ ከመደበኛው ወሰን ውጭ ማሠራት ነው። ራሙ ቢችለው እንኳ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የሜሞሪ መቆጣጠሪያ ወይም ማዘርቦርዱ ላይችለው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሙከራ ምንም ወጪ የለውም፦ ባዮስ ግቡ፣ «ሎድ ኦፕቲማይዝድ ዲፎልትስ» በሉ፣ ፕሮፋይሉ መጥፋቱን አረጋግጡ፣ አስቀምጣችሁ ውጡና ማሽኑን እንደ ልማዳችሁ ተጠቀሙበት። መጥፋቱ ካቆመ ፍለጋው በጣም ጠቧል።

አራት ራም የሰካችሁ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን አውጡ። በዲዲአር5 ላይ የአራት ራም ጫና ከባድ ነው፤ ኤኤምዲ ራሱ ለራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ያስቀመጠው ወሰን በሁለት ራም 5200 ሲሆን በአራት ራም ወደ 3600 ይወርዳል። ሁለት የተለያዩ ፓኬቶች ገዝቶ መቀላቀልም፣ ሞዴላቸው አንድ ቢሆን እንኳ፣ አብረው እንደሚሠሩ አያስተማምንም። ሁለት ራም ሲሆን በአብዛኛው ማዘርቦርድ ላይ ቦታቸው ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ስሎት ነው። አንደኛውና ሦስተኛው ላይ ተሰክተው የሚመጡ ማሽኖች አሉ፤ ይሠራሉ፣ ግን በከፍተኛ ፍጥነት አይረጉም።

የሚነቀል ነገር ስትነኩ ማሽኑን አጥፉ፣ ከግድግዳው ንቀሉ፣ የማስነሻ ቁልፉን ለ10 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ቆዩ፣ ከዚያ የሳጥኑን ቀለም የሌለው ብረት ንኩ። ራም ስትመልሱ ሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስኪል ተጫኑት። ራም ከቀያየራችሁ ወይም ባዮስ ካጸዳችሁ በኋላ ዲዲአር5 ማሽን ሲነሳ ስክሪኑ ለብዙ ደቂቃ ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ራሙን እየለካ ነው። ሞተ ብላችሁ ቶሎ አታጥፉት፤ ቢያንስ 10 ደቂቃ ታገሡት፤ ራሙ ብዙ ጊጋባይት ከሆነ ደግሞ ከዚያም ጨምሩለት።

ትክክለኛው ምርመራ እንዲህ ይሠራል።

1. በሌላ ኮምፒውተር ላይ ራም የሚፈትነውን ሜምቴስት86 የተባለ ፕሮግራም አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ ጫኑት። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል።
2. ፍላሹን ሰክታችሁ ማሽኑን አስነሱ፤ እንደ ማዘርቦርዱ ኤፍ 8፣ ኤፍ 11 ወይም ኤፍ 12 እየመታችሁ ከፍላሹ እንዲነሳ አድርጉ።
3. ፕሮፋይሉ ጠፍቶ ሳለ አራቱንም ዙር ያጠናቅቅ። ብዙ ሰዓት ስለሚወስድ ማታ አስጀምራችሁ ተኙ።
4. አንድ ስህተት እንኳ ከታየ ወድቋል። «አንድ ብቻ ነው» የሚባል ነገር እዚህ የለም፤ ጤነኛ ራም ዜሮ ነው የሚያሳየው።
5. ከወደቀ ራሞቹን አንድ በአንድ በዚያው ስሎት ላይ ፈትኑ። ስህተቱ አንዱን ራም ተከትሎ ከሄደ ራሙ ነው። የትኛውም ራም በዚያ ስሎት ከወደቀና በሌላው ካለፈ ማዘርቦርዱ፣ የፕሮሰሰሩ ሶኬት ውስጥ የታጠፈ ፒን ወይም ከልክ በላይ የተጠበቀ ኩለር ነው።
6. ካለፈ ፕሮፋይሉን አብርታችሁ ድገሙት። አሁን ብቻ ከወደቀ ባዮሱን አድሱ፤ ካልሆነ ፍጥነቱን አንድ እርከን አውርዱ፣ ለምሳሌ ከ6000 ወደ 5600።

ዊንዶውስ ውስጥ ያለው የሜሞሪ መመርመሪያ ስህተት ካገኘ እመኑት፤ ምንም ካላገኘ ግን ነፃ አያወጣም። ሜምቴስት86ም ቢሆን ፕሮሰሰሩ በሙሉ ጫና ሳይሠራ ስለሚፈትን አልፎ አልፎ ያመልጠዋል። ጥርጣሬው ካልጠፋ ማሽንን በከባድ ጫና ከሚፈትኑ ፕሮግራሞች ፕራይም95ን በ«ብሌንድ» ወይም ኦሲሲቲን በሜሞሪ ፈተናው ለአንድ ሰዓት አስኪዱ።

የኃይል ጉዳይ

የፓወር ሰፕላዩ ዋት በቂ ቢሆንም ኬብሉ ሊያጠፋው ይችላል። የግራፊክስ ካርድ ከማዘርቦርዱ ስሎት የሚወስደው እስከ 75 ዋት ነው፤ እያንዳንዱ ባለ 8 ፒን ማያያዣ እስከ 150 ዋት ይጨምራል። ካርዱ ሁለት ማያያዣ ካለው ከፓወር ሰፕላዩ ሁለት የተለያዩ ኬብሎች ይምጡለት፤ አንዱ ኬብል ጫፉ ላይ ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱንም እንዲመግብ አታድርጉ። ዘመናዊ ካርዶች ለቅጽበት ከመደበኛ ፍጆታቸው እጅግ ከፍ ያለ ኃይል ይስባሉ፤ ጨዋታ መሃል የሚታየው ድርግም ማለት በብዛት የሚመጣው ከዚህ ነው። ባለ 16 ፒኑ አዲስ ማያያዣ ክፍተት ሳይታይበት ዳር ድረስ መግባት አለበት፤ ከማያያዣው 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ይውጣ። በደንብ ካልገባ ይግላል፣ ሊቀልጥም ይችላል። ፕሮሰሰሩን የሚመግበውን ባለ 8 ፒንና የማዘርቦርዱን ባለ 24 ፒንም እየነቀላችሁ መልሳችሁ አጥብቃችሁ ስኩ።

የሌላ ፓወር ሰፕላይ ኬብል በፍጹም አታዋሱ። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የፒን አቀማመጥ በየአምራቹ፣ አንዳንዴም በአንድ አምራች ሞዴሎች መካከል ይለያያል፤ ጫፉ ልክ ቢገባም ዲስክንና ማዘርቦርድን ሊያቃጥል ይችላል። ፓወር ሰፕላዩን ራሱን መክፈትም አይፈቀድም፤ ተነቅሎ እንኳ ለሕይወት የሚያሰጋ ቮልቴጅ ውስጡ ይቆያል።

ለመለየት ፕሮሰሰሩን ብቻ፣ ቀጥሎ ግራፊክሱን ብቻ፣ በመጨረሻ ሁለቱን በአንድ ላይ በኦሲሲቲ አስጨንቁ። ለየብቻ ችለው አንድ ላይ ሲሆኑ ድርግም ካለ ፓወር ሰፕላዩን አትልቀቁት። ከጠፋ በኋላ የኋላውን ማብሪያ ማጥፊያ አጥፍታችሁ ካላበራችሁ አልነሳም ካለ የራሱ መከላከያ እንደቆረጠው ምልክት ነው። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በተባለው የግራፊክስ ካርድ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም የካርዱን የኃይል ገደብ ወደ 70 በመቶ ዝቅ ስታደርጉ መጥፋቱ ካቆመ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ፓወር ሰፕላዩና ወደ ካርዱ ተሰብስቧል። ማሽኑን ለፈተና ጊዜ ከማከፋፈያ ገመድና ከዩፒኤስ አውጥታችሁ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ስኩት። የአንዳንድ ርካሽ ዩፒኤሶች የኤሌክትሪክ ሞገድ ደረጃ ደረጃ ያለ ስለሆነ፣ ወደ ባትሪ በሚዞሩበት ቅጽበት ጥሩ ጥሩ ፓወር ሰፕላዮች እንኳ ሊጠፉ ይችላሉ።

ሙቀት

ሙቀት የሚያሳየውን ኤችደብሊውኢንፎ የተባለ ፕሮግራም በ«ሴንሰርስ ኦንሊ» ክፈቱና ከፍተኛውን ቁጥር እዩ። ብዙ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ወሰናቸው 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፤ አብዛኞቹ ራይዘን 7000ዎች ደግሞ በከባድ ጫና 95 ድረስ እንዲሄዱ ተደርገው የተሠሩ ስለሆኑ 95 ማየት ብቻውን ብልሽት አይደለም። ብልሽቱ ማሽኑ ሥራ ሳይኖረው 70 እና 80 ሲያሳይ፣ ወይም ቀላል ጫና በሰጣችሁ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ወሰኑ ላይ ሲደርስ ነው። እንዲህ ከሆነ የኩለሩ ግርጌ ላይ የሚለጠፈው ፕላስቲክ ሳይነሳ ቀርቶ እንደሆነ፣ ዊንጮቹ እኩል ጠብቀው እንደሆነ፣ በውሃ የሚያቀዘቅዝ ከሆነም ፓምፑ መዞሩን አረጋግጡ። ፕሮሰሰር ሲግል ከመጥፋቱ በፊት ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ቁጥሩ 60 ላይ ሳለ የጠፋ ማሽን ጥፋቱ የፕሮሰሰር ሙቀት አይደለም፤ ፋን በመጨመር ገንዘብ አታባክኑ።

ፕሮሰሰርና ባዮስ

የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰር ያለው ሁሉ ባዮሱን ዛሬውኑ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2024 ኢንቴል እነዚህ ፕሮሰሰሮች ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ እየጠየቁ ቀስ በቀስ እንደሚጎዱ አምኖ በነሐሴና በመስከረም ወር 0ኤክስ129 እና 0ኤክስ12ቢ የተባሉ የማይክሮኮድ (በባዮስ በኩል የሚጫን የፕሮሰሰሩ ውስጣዊ ፕሮግራም) ማስተካከያዎችን አወጣ፤ ዋስትናቸውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። ምልክቱ ጨዋታዎች ሲጀምሩ የቪዲዮ ሜሞሪ አለቀ የሚል መልእክት እያሳዩ መዘጋት፣ የታመቁ ፋይሎች ሲፈቱ ስህተት መስጠትና በየጊዜው የሚለያይ ሰማያዊ ስክሪን ነው። ብዙ ሰው በመልእክቱ ተታሎ የግራፊክስ ካርድ ይቀይራል። ማስተካከያው ገና ያልተጎዳውን ይጠብቃል፤ የተጎዳውን ግን አያድንም፤ እሱ በዋስትና መቀየር አለበት። በኤኤምዲ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ራይዘን 7000 ኤክስ3ዲ ፕሮሰሰሮች መቃጠላቸው ከታየ በኋላ የወጡት ባዮሶች የኤስኦሲ (የሜሞሪ መቆጣጠሪያው ያለበት የፕሮሰሰሩ ክፍል) ቮልቴጅን በ1.3 ቮልት ገድበዋል፤ ሱቅ ውስጥ የቆየ ማዘርቦርድ ከዚያ በፊት የነበረውን ባዮስ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ባዮስ ለማደስ ፋይሉን ከማዘርቦርዱ አምራች ገጽ ላይ በሞዴሉና በሪቪዥን ቁጥሩ ልክ አውርዱ፤ ፋት32 በሚባለው ፎርማት በተዘጋጀ ፍላሽ ላይ አድርጉ፤ ቢትሎከርን ለጊዜው አቁሙ። ከመጀመራችሁ በፊት ባዮሱን ወደ ዲፎልት መልሱ፤ ያልረጋ ራም ይዞ ባዮስ መጻፍ አደገኛ ነው። በየደቂቃው የሚጠፋ ማሽን ላይ ከሆነ ደግሞ ማዘርቦርዱ ባዮስ ፍላሽባክ ቁልፍ ካለው በእሱ ሥሩ፤ ራምም ሆነ ፕሮሰሰር ሳያስፈልገው ይጽፋል።

ግራፊክስ፣ ዲስክና የቀሩት

የግራፊክስ ድራይቨር ለማጽዳት ኢንተርኔቱን ንቀሉ፣ ዊንዶውስን በሴፍ ሞድ አስነሱ፣ ዲዲዩ በሚባለው ፕሮግራም የቆየውን ጠርጋችሁ ቀድማችሁ ያወረዳችሁትን አዲስ ድራይቨር ጫኑ። ችግሩ ካልሄደ የካርዱን የኮር ፍጥነት በአፍተርበርነር በ50 ሜጋኸርዝ ዝቅ አድርጉ። ከዚህ በኋላ ከረጋ ካርዱ ከፋብሪካ የወጣበትን ፍጥነት መሸከም አልቻለም ማለት ነው፤ ዝቅ አድርጋችሁ ከመኖር መልሱት፤ የከፈላችሁት ለሙሉው ነው።

ማሽኑ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሪስታርት ስታደርጉት ባዮሱ ዲስኩን ካላየ፣ ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ ስታስነሱት ግን ካየው፣ ኤስኤስዲው ወይም የተሰካበት ስሎት ነው። ፈርምዌሩን (የኤስኤስዲውን የውስጥ ፕሮግራም) አድሱ፣ ወደ ሌላ ስሎት አዙሩት።

ሥራ ፈትቶ ሳለ ለሚጠፋ ራይዘን ማሽን ባዮስ ውስጥ «ፓወር ሰፕላይ አይድል ኮንትሮል» የሚለውን «ቲፒካል ከረንት አይድል» ላይ አድርጉት። አንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች ፕሮሰሰሩ በጣም ጥቂት ኃይል ሲስብ ቮልቴጁን አያረጉም። ዊንዶውስ ውስጥ ደግሞ «ፋስት ስታርትአፕ»ን አጥፉ፤ እሱ በርቶ ሳለ «ሸት ዳውን» ማለት ድራይቨሮቹን እንዳሉ አስቀምጦ መተኛት ስለሆነ የተበላሸው ሁኔታ በማግሥቱም ይቀጥላል።

ሃርድዌር ይሁን ሶፍትዌር አሁንም ካልለየ ኡቡንቱ የተባለውን ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ፣ ዲስኩ ላይ ሳትጭኑት በ«ትራይ» ብቻ አስነሱትና ለጥቂት ሰዓታት ቪዲዮ እያሳያችሁ ተጠቀሙበት። እዚያም ከጠፋ ዊንዶውስ ነፃ ወጥቷል። ካልጠፋ የመብራት ቀለም መቀያየሪያ፣ ፍጥነት መጨመሪያና ተጨማሪ አንቲቫይረስ ፕሮግራሞችን አራግፉ፤ ከሥር የሚሠራ የራሳቸውን ድራይቨር ስለሚያስገቡ ሲጋጩ ማሽኑን ይጥላሉ። ከዚያ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ከፍታችሁ የተበላሹ የዊንዶውስ ፋይሎችን የሚጠግኑትን ትእዛዞች፣ መጀመሪያ የዲአይኤስኤም «ሪስቶር ኸልዝ»ን፣ ቀጥሎ የኤስኤፍሲ «ስካን ናው»ን አስኪዱ። ዊንዶውስን እንደገና መጫን የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ራሙ ያለ ስህተት ካለፈ ብቻ።

ሁሉም አልፎ አሁንም የሚጠፋ ከሆነ የዩኤስቢ ዕቃዎችን ሁሉ ንቀሉ፣ ከሳጥኑ ፊት ለፊት የሚመጣውን የሪሴት ገመድ ከማዘርቦርዱ አውጡ፤ የተጣበቀ ሪሴት ቁልፍ ማሽንን ያለ ምንም ምልክት አጥፍቶ እንደገና ያስነሳል። ከዚያ ማዘርቦርዱን አውጥታችሁ ካርቶን ላይ አስቀምጡና በፕሮሰሰር፣ በኩለር፣ በአንድ ራምና በፓወር ሰፕላይ ብቻ አስነሱት። እዚያ ረግቶ ሳጥኑ ውስጥ የሚጠፋ ከሆነ ቀዳዳ በሌለበት ቦታ የተተወ የብረት እግር የማዘርቦርዱን ጀርባ እየነካ ሊሆን ይችላል።

ለሻጩ ስትመልሱ የሰማያዊ ስክሪኑን ፎቶ፣ ስህተት የታየበትን የሜምቴስት86 ገጽ፣ የኢቨንት ቪውወር መስመሮቹን ቀንና ሰዓታቸው እንደታየ፣ በዊንዶውስ ፎልደር ስር «ሚኒደምፕ» ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ቅጂ፣ እንዲሁም ችግሩን በአጭር ጊዜ የሚያመጣውን ሥራ በጽሑፍ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለምሳሌ «ኦሲሲቲን በኃይል ፈተናው ስታስኪዱት ከ10 ደቂቃ በፊት ይጠፋል» ብላችሁ። ባዮሱ ዲፎልት ላይ እያለ መጥፋቱንም አብራችሁ ጻፉ፤ ፍጥነት ስለጨመራችሁበት ነው የሚለውን መልስ አስቀድሞ ይዘጋዋል። ዲስኩ አብሮ የሚሄድ ከሆነ ዳታችሁን አውጡና አካውንታችሁን ከማሽኑ ላይ አስወግዱ።